ትንፋሽን መልሶ የማስረከብ ሙያ

ከመካከለኛ ጣት ብዙም የማትረዝም፣ ጎበጥ ያለች የፕላስቲክ ቱቦ ናት። ለአዋቂ ሰው የምትሆነው የውስጥ ስፋቷ ሰባት ወይም ስምንት ሚሊ ሜትር ነው፤ ልኳ አንገት ላይ በሚያርፈው ክንፏ ላይ ታትሟል። ከማሸጊያዋ ስትወጣ ደረቅ ትላለች፤ ሰውነት ውስጥ ገብታ ስትሞቅ ግን ለስለስ ብላ የአየር ቧንቧውን አካሄድ ትከተላለች። ታችኛው ጫፏ ዙሪያውን ስስ ከረጢት ታጥቋል፤ ባለሙያዎቹ «ካፍ» ይሏታል። ከካፏ የሚነሳ ቀጭን መስመር በቱቦዋ ጎን ሽቅብ ወጥቶ ከአንገት ውጭ በተንጠለጠለች ትንሽ ፊኛ ያበቃል። ካፏ ከዓይን የተሰወረች ስለሆነች ወሬዋን የምታመጣው ይህች ፊኛ ናት። ከመተንፈሻ ማሽኑ ጋር የምትገናኝበት አፏ 15 ሚሊ ሜትር ነው። የትኛውም አገር ያለ ፋብሪካ ቢሠራት ይህ ልክ አይለወጥም፤ ስለዚህ ጎንደር ላይ የተገጠመች ቱቦ አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ ካለ ማሽን ጋር ያለ ምንም ማስተካከያ ትገጥማለች።

የምትገባው አንገት ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው፤ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው የአየር ቧንቧ ቀለበት መካከል ወይም ከዚያ አንድ ቀለበት ወረድ ብሎ። ሥራው ትራኪኦስቶሚ ይባላል፤ በሆስፒታል ቋንቋ ቱቦዋም ቀዳዳውም «ትራኪ» ተብለው ያጥራሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ያየ ሰው አድናቆቱን ለፋብሪካው ቢሰጥ አይፈረድበትም። እኔ ግን ከማስገባቱ ይልቅ እሷን ለማውጣት የሚደከመው ድካም ይበልጥ ያስደንቀኛል።

ሰውን ማሽን ላይ ማድረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከማሽን ማላቀቅ ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሽተኛው ነቅቷል፤ ያያል፣ ይሰማል፣ ያስባል። ትንፋሽ ሲያጥረው ግን «አጠረኝ» ማለት አይችልም። ካፏ ተነፍታ ሳለች ከሳንባ የሚወጣው አየር ወደ ድምፅ አውታሩ ሳይደርስ በቱቦዋ በኩል ያመልጣል። ሆድ የቆረጠው ሰው ሆዱን ይዞ ይጮሃል፤ ትንፋሽ ያጠረው ባለ ትራኪ ግን ጭንቁን ውስጡ ይዞ ጣሪያ ያያል። የባለሙያው ብስለት የሚለካው ይህን የታፈነ አቤቱታ ለመስማት በሚያውቀው ብልሃት ነው።

ነገሩን ወደ ወገራ ወረዳ፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ እናምጣው። አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። አካባቢዋ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይታጨድበታል። በዚያ አገር ባዶ እግሩን የሚያርስ አንድ ገበሬ በሐሳባችን እናቁም። እሾህ ይወጋዋል፣ ቁስሉን ይንቀዋል፤ ከሳምንት በኋላ መንጋጋው አልላቀቅ ይለዋል። መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ ቴታነስ። በሽታው የጉሮሮን ጡንቻ ጭምር አንቆ ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ አንገት ላይ መንገድ መክፈት ግድ ይሆናል። መርዙ አንዴ የነርቭ ጫፍ ላይ ከተጣበቀ የሚያስለቅቀው መድኃኒት የለም፤ ነርቩ አዲስ ጫፍ እስኪያበቅል መጠበቅ ነው። ጥበቃው ሳምንታት ይወስዳል፤ የሚጠበቀውም እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለው ትልቅ ሆስፒታል ነው። ጊላን ባሬ የተባለው የነርቭ በሽታ፣ የጭንቅላት ጉዳትና የፀረ ተባይ መርዝም ሰውን እዚያው አልጋ ላይ ያደርሳሉ።

ማሽኑ በሚተነፍስለት ጊዜ ድያፍራሙ፣ ማለትም ደረትን ከሆድ የሚለየው ዋናው የትንፋሽ ጡንቻ፣ ሥራ ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት አእምሯቸው ከሞተ የአካል ለጋሾች የተወሰደ የድያፍራም ናሙና መርምሮ ነበር። ከ18 እስከ 69 ሰዓት ሙሉ በሙሉ በማሽን በተነፈሱት ሰዎች የጡንቻው ክሮች ከግማሽ በላይ ቀጥነው ተገኙ። ሦስት ቀን እንኳ ባልሞላ ጊዜ እንዲህ ከሆነ፣ የሳምንታቱን መገመት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ድያፍራም እስኪዝል ድረስ ከተሠራበት ለማገገም 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ሥራ ቢፈታ ይሟሽሻል፤ ቢበዛበት ይዝላል። ሙያው ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ነው።

የወገራ ገበሬ ይህን ለመረዳት ሐኪም አያስፈልገውም። ወይፈን ለቀንበር ሲያለማምድ በመጀመሪያው ቀን ማሳውን ሁሉ አያሳርሰውም። ጥቂት ትልም ያስኬደውና ገና ጉልበት ሳለው ይፈታዋል፤ ትልም መሀል መተኛት የለመደ ወይፈን አመሉ አይለቀውምና። በሽተኛን ከማሽን የሚያላቅቅ ሰውም ሰዓቱን የሚቆርጠው በሽተኛው ከመውደቁ በፊት ነው። ልዩነቱ፣ ወይፈኑ ሲደክመው ይቆማል፤ በሽተኛው ግን ደከመኝ ብሎ ትንፋሽ ማቆም አይችልም።

ለጠዋቱ ሙከራ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሌሊት ነው። በሽተኛው ተኝቶ ማደር አለበት፤ ስለዚህ ጥሩ የሌሊት ነርስ መብራቱን ዝቅ ታደርጋለች፣ የማይቸኩለውን ሥራ ለንጋት ታቆያለች። ሲነጋ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቱቦዋ ነው። ስምንት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቱቦ ዙሪያዋን አንድ ሚሊ ሜትር አክታ ቢደርቅባት ስፋቷ ስድስት ይሆናል። ለዓይን የጠፋው ሩቧ ብቻ ነው። ነገር ግን ቀዳዳ በጠበበ ቁጥር አየሩ የሚገጥመው እንቅፋት በራዲየሱ አራተኛ ኃይል ስለሚያድግ፣ ሸክሙ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ትናንት ማሽኑ ሲገፋለት ማንም ያላየው እንቅፋት ዛሬ ብቻውን ሲተነፍስ ደረቱ ላይ ይወድቅበታል። ስለዚህ ቱቦዋ የሚወጣ የውስጥ ቱቦ ካላት ነርሷ ትስባትና ወደ ብርሃን አንሥታ ታያታለች፤ አጥባ፣ አድርቃ ትመልሳታለች። «ዛሬም አልቻለም» ተብሎ ወደ ማሽን ከሚመለሰው ሰው መካከል ጥፋቱ የሳንባው ሳይሆን የዚህች የደረቀች አክታ የሆነበት አለ።

ቀጥሎ ሳክሽን ነው፤ አክታን በቀጭን ቱቦ መሳብ። እዚህ ላይ የእጅ ጥራት እንደ ጸሐፊ እጅ ይለያል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሳክሽኑ ቀጭን ቱቦ ውፍረት ከትራኪዋ የውስጥ ስፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ካለፈ ዙሪያውን አየር መግቢያ ያጣል። ነርሶች የሚይዙት ቀላል ስሌት አለ፤ ከትራኪዋ ቁጥር ሁለት ቀንስ፣ በሁለት አባዛ። ለስምንት ቁጥር ትራኪ 12 ቁጥር የሳክሽን ቱቦ ይሆናል ማለት ነው። ስትገባ መሳቢያው ቀዳዳ ክፍት ነው። ነርሷ ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ የምትደፍነው ስታወጣ ብቻ ነው፤ ገና ስትገባ ከሳበች ስሱን ሽፋን ትልጠዋለች። ከአፍ እስከ አፍ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ቢሆን ነው። አሮጌ ነርሶች ለተማሪዎቻቸው የሚያስተምሩት አንድ ዘዴ አለ፦ ቱቦውን ስታስገቢ የራስሽን ትንፋሽ ያዢ፤ አንቺን ሲጨንቅሽ እሱን ከጨነቀው ቆይቷል። ከማናቸውም ሰዓት ቆጣሪ የተሻለ መለኪያ ነው፤ የበሽተኛውን ጭንቅ ወደ ባለሙያዋ ደረት ያመጣዋልና።

ካፏም የራሷ ልክ አላት። የሚፈቀደው ግፊት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው። ከዚያ ካነሰ ምራቅ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ከ30 ካለፈ የአየር ቧንቧው ሽፋን ደም እየተከለከለ ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ቧንቧውን ያጠበዋል፤ ያ ሰው ከወራት በኋላ ደረጃ ሲወጣ የሚያጥረው ትንፋሽ ያኔ አንድ ቀን ከተዘነጋች ፊኛ የመጣ ሊሆን ይችላል። ፊኛዋን በጣት ጨመቅ አድርጎ «ይበቃል» ማለት የተለመደ ቢሆንም ጣት ይሳሳታል፤ አስተማማኙ ማኖሜትር የተባለው የግፊት መለኪያ ነው። የደጋው መንገድም እዚህ ውስጥ ይገባል። ደባርቅ ላይ ካፍ ያለው ቱቦ ተደርጎለት በአምቡላንስ ወደ ጎንደር የሚወርድ በሽተኛ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የውጭው አየር ግፊት ሲጨምር በካፏ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል፤ ካፏም ትላላለች። ሲደርስ መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማሽኑ ይነቀላል። በምትኩ እርጥበት ያለው ኦክስጅን የሚያመጣ ሰፊ አፍ ያለው ጭምብል አንገት ላይ ይታሰራል። እርጥበቱ ግድ ነው፤ ቱቦዋ አፍንጫን ስለዘለለች አየሩን የሚያሞቅ፣ የሚያረጥብና የሚያጣራ አካል የለም፤ የደጋ ደረቅ አየር በቀጥታ ቢገባ አክታውን ያደርቀዋል። ብዙ ጊዜ በሽተኛው ቀና ብሎ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ይሁን እንጂ የአንገት አከርካሪው ተሰብሮ እጅ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ጠፍጣፋ ሲተኛ የተሻለ ይተነፍሳል፤ ሲቀመጥ የላላው ሆዱ ወደ ፊት ወድቆ ድያፍራሙን ዝቅ ያደርግበታልና። ደንብ ብቻ የሚያውቅ እርሱንም ቀና ያደርገዋል። በሽተኛውን የሚያውቅ ያስተኛዋል።

ከዚያ መመልከት ይጀምራል። ማርጋሬት ካምቤል የተባለች አሜሪካዊት የነርስ ተመራማሪ መናገር ለማይችሉ በሽተኞች ያዘጋጀችው መለኪያ ስምንት ነገሮችን ያያል፦ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ብዛት፣ መቁነጥነጥ፣ የአንገት ጡንቻ ሥራ ላይ መግባት፣ ሆድና ደረት እርስ በርስ ተቃራኒ መሄዳቸው፣ በትንፋሽ መጨረሻ ማቃሰት፣ የአፍንጫ ክንፍ መነፋትና የፍርሃት ገጽታ። ባለ ትራኪ ላይ ግን ከእነዚህ አንዱ ይጎድላል። ካፏ ተነፍታ ሳለች ማቃሰት የሚባል ድምፅ የለም። ስለዚህ ተመልካቹ ከሌሎቹ የበለጠ ማንበብ አለበት፤ በተለይ ከአንገቱ። ከጆሮ ሥር ወደ ደረት አጥንት የሚወርደው ጡንቻ በየትንፋሹ ገመድ ሆኖ ከቆመ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ኦክስጅን 95 ቢልም ሰውየው እየተንገላታ ነው።

ይሁንና ዓይን ብቻውን አይበቃም። በኖርዌይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሽተኞች ብቻቸውን እንዲተነፍሱ ሲሞከር የሚሰማቸውን የትንፋሽ ማጠር ሐኪሞችም ነርሶችም አሳንሰው ነበር የሚገምቱት። ቀደም ሲል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ፈረንሳይ ውስጥ ማሽን ላይ ሳሉ ከተጠየቁ 96 በሽተኞች 47 በመቶው ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ተናግረዋል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ማሽን እየተነፈሰላቸው ያሉ ናቸው። ትንፋሽ ካጠራቸው መካከል ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት የማሽኑ አሠራር ተስተካክሎላቸው ብቻ ቀለላቸው። መጠየቅ ራሱ ሕክምና የሆነበት ቦታ ይህ ነው።

አጠያየቁም ጥበብ አለው። «ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ብሎ ማለፍ ብዙ አያስገኝም፤ ትንፋሽ ማጠር አንድ ዓይነት አይደለምና። የዚህ ዘርፍ ታዋቂ ተመራማሪ ሮበርት ባንዜት እ.ኤ.አ. በ1990 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ሙከራ ጡንቻቸው በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ እንዳይንቀሳቀስ በተደረገ ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከፍ ሲል የአየር ረሃቡ እንደነበረ ቀጠለ። የአየር ረሃብ ከጡንቻ ድካም የተለየ፣ ከአንጎል የሚነሳ ጩኸት መሆኑ በዚያ ታወቀ። ስለዚህ ነርሷ ጠጋ ብላ፣ ዓይን ለዓይን ተያይታ አንድ በአንድ ትለያለች። «አባባ፣ አየር አልበቃ አለዎት?» ይህ ከሆነ ማሽኑ የሚሰጠው አየር መጠን ወይም ፍጥነት አንሶ ይሆናል። «መሳቡ ነው የከበደዎት?» ይህ ከሆነ ቱቦዋ ጠባለች፣ ወይም ጡንቻው ዝሏል። «ደረትዎን ጨምድዶ ያዘዎት?» ይህ ደግሞ የአየር መንገዱ ውስጥ ውስጡን መጥበቡን ያመለክታል፤ ለዓመታት የጎጆ ጭስ የጠጡ እናቶች ላይ ቶሎ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ሦስቱም ላይ በሽተኛው አንድ ዓይነት ያልበዋል፣ አንድ ዓይነት ይቁነጠነጣል። መድኃኒታቸው ግን ሦስት ነው።

መልሱን መቀበልም ብልሃት ይሻል። አንዴ ዓይን መጨፈን «አዎ»፣ ሁለቴ «አይ»። ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አምስት ጣት ዘርግቶ በሽተኛው የሚያህለውን ያህል ጣት እንዲጨብጥ ማድረግ ይበቃል፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ከወረቀት ላይ ቁጥር ይልቅ ይህ ይቀላል። ማንበብ ለሚችለው የፊደል ገበታ ይሆናል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ አንድ በአንድ ማሳየት ሁለቱንም ያደክማል። መጀመሪያ የመጀመሪያውን ረድፍ ቁልቁል፣ ቀጥሎ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ወደ ጎን ከተሄደ ግን ማንኛውም ፊደል በሁለት ጥቅሻ ይገኛል። እያንዳንዱ ሆስፒታል በአንድ ካርቶን ላይ ሊሠራው የሚችል ዕቃ ነው። አስታማሚውም እዚህ ይጠቅማል፤ ሚስት ወይም ልጅ የሰውየውን ፊት ከማንም በፊት ያነባሉ፤ «ዛሬ ደስ አላለውም» ሲሉ ነርሷ ቃሉን ተቀብላ ደረቱን ብታይ አትጸጸትም።

ቁጥርም ቦታ አለው። ማርቲን ቶቢን ከባልደረባው ያንግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው መለኪያ በደቂቃ የሚተነፈሰውን ብዛት በአንድ ትንፋሽ ለሚገባው አየር በሊትር ያካፍላል። ሠላሳ ጊዜ የሚተነፍስና በየጊዜው 0.3 ሊትር የሚያስገባ ሰው ውጤቱ 100 ነው። ከ105 ካለፈ ትንፋሹ ፈጣንና እርባና ቢስ ሆኗል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዓትና ትንሽ የአየር መለኪያ ብቻ ነው። ይኸው ቶቢን ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረ። ከሌላ ሆስፒታል «ከማሽን መላቀቅ አቃታቸው» ተብለው የመጡ 500 ባለ ትራኪዎች መጀመሪያ ማሽኑ ተነቅሎ እስከ አምስት ቀን ብቻቸውን ይተነፍሱ ዘንድ ተሞከሩ። 160 ያህሉ ማሽኑን ጭራሽ አልፈለጉትም። ፈተናውን ካላለፉት 316 ሰዎች ውስጥ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ እየተነቀለ በጭምብል የተለማመዱት በመካከለኛ ግምት በ15 ቀን ሲላቀቁ፣ የማሽኑ እገዛ ቀስ በቀስ የተቀነሰላቸው 19 ቀን ፈጀባቸው። ማሽኑ ጥቂትም ቢሆን ሲያግዝ በሽተኛው ምን ያህል እንደሚችል ይሸፈናል፤ ሲነቀል ግን ሐኪሙ ራቁቱን ትንፋሽ ያያል። ሠለጠንን ብለን የምናምነው ማሽን አንዳንዴ መጋረጃ ይሆናል።

ሙያው ሲወለድ መጋረጃ አልነበረውም፤ እጅ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ተመታች። በብሌግዳም ሆስፒታል በወቅቱ በነበሩት የመተንፈሻ ማሽኖች ከታከሙት የመጀመሪያዎቹ 31 የትንፋሽ ሽባዎች 27ቱ ሞቱ። ኦገስት 27 (በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 21 ቀን 1944 ዓ.ም. ላይ መሆኑ ነው) ብዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም አንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ አንገት ላይ ቀዳዳ አስከፍቶ በጎማ ከረጢት አየር በእጁ እየገፋ አተረፋት። ከዚያ በኋላ 1500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች ተፈራርቀው ለወራት ከረጢት ጨመቁ፤ የሟቾቹ ቁጥርም ከግማሽ በታች ወረደ። ከረጢት የጨበጠ እጅ የበሽተኛው ትንፋሽ ሲመለስ ይሰማዋል። ከረጢቱ ሳይጨመቅ ሲላላ፣ ያ ሰው ራሱ እየሳበ ነው። ዛሬ ስክሪን የሚያሳየውን ያኔ መዳፍ ነበር የሚያውቀው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒቴሪያን አንድ ላይ እየሠለጠኑ በቡድን ወደ ገጠር የሚወጡበት። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የበቀለው ከዚያ ግንድ ነው። በሽተኛን ቀርቦ ማየትና መጠየቅ ለዚያ ቤት አዲስ ትምህርት አይደለም።

በሽተኛው ቀኑን ሙሉ ብቻውን መተንፈስ ሲችል ካፏ ትፈታለች። ከላይዋ የተጠራቀመው ምራቅ እንዳይወርድ ሳክሽኑ በዚያችው ቅጽበት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አሁን የድምፅ ቫልቭ የሚባለው ትንሽ ዕቃ ሊገጠም ይችላል። በሰፊው የሚታወቀውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የፈለሰፈው ዴቪድ ሚዩር የጡንቻ በሽታ ሰውነቱን ያሰረውና ራሱ በማሽን የሚተነፍስ ወጣት ነበር፤ ድምፁን ተነጥቆ ስለነበር መልሶ ሠራው። ሰውየው አየር ሲስብ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ሊያወጣ ሲል ይዘጋል፤ አየሩም ሌላ መውጫ ስለሚያጣ ወደ ላይ፣ ወደ ድምፅ አውታሩ ይሄዳል። አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፦ ካፏ ተነፍታ ሳለች ከተገጠመ የገባው አየር መውጫ አጥቶ ሰውየው ይታፈናል። ቫልቩ በሌለበት ክፍል፣ ካፏ ከተፈታች በኋላ ሰውየው ትንፋሽ ሲያወጣ ጓንት ያጠለቀ ጣት ቱቦዋን ለአፍታ ቢደፍናት ያው ነው። ለሳምንታት በጥቅሻ የኖረ ሰው የመጀመሪያ ቃል በብዛት የጠየቀው ውሃ ወይም የሚጠራው የቤተሰብ ስም ነው። ለባለሙያዋ ግን የቃሉ ጥቅም ሌላ ነው፤ ከእንግዲህ ትንፋሽ ሲያጥረው ራሱ ይናገራል።

ለወገራው ሰው አንድ የመጨረሻ ስሌት ይቀራል፤ ቤቱ ደጋ ነው። ከባሕር ጠለል እኩል ባለ ቦታ ወደ ሳንባ የሚገባው አየር የኦክስጅን ግፊት 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ጎንደር ላይ ወደ 115 ይወርዳል፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከ105 በታች ይሆናል። ጎንደር አልጋው ላይ «ደህና ነው» የተባለ ደረት ሽቅብ 800 ሜትር ሲወጣ ያንኑ ኦክስጅን ለማግኘት የበለጠ መሥራት አለበት። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ከመሸኘቱ በፊት ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አድርጎ ኮሪደሩን ያስኬደዋል፤ ከተቻለም ደረጃ ያስወጣዋል። ውጤቱ ሲያንስ ግን «የደጋ ሰው ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ሲንቲያ ቢልና ኢትዮጵያዊ ባልደረባዋን ጨምሮ አብረዋት የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክቶ ነበር። አማካይ የኦክስጅን መጠናቸው 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸው ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ሆኖ ተገኘ፤ በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው የማይለይ። ጤነኛ የሰሜን ሰው ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ከፍ ብሎ ይህን ያህል ካስመዘገበ፣ 86 በመቶ ያመጣ ሰው ላይ የሚጠየቀው ከፍታው ሳይሆን ሳንባው ነው።

ቱቦዋ የምትወጣው ቀዳዳዋ ተከድና አንድ ቀን ካለ ችግር ካደረ፣ አክታውን በራሱ ሳል ማውጣት ከቻለና ሲውጥ ካልታነቀ ነው። ማውጣቱ ራሱ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ቀዳዳው አይሰፋም፤ ንጹሕ ጎዝ ይለጠፍበትና በቀናት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱ ይዘጋል። እስከዚያው ሰውየው ሲናገርና ሲያስል ሁለት ጣቱን ጎዙ ላይ ጫን እንዲያደርግ ይነገረዋል።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ የምለው አንድ ነው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲመረቅ የሚቆጠረው ማሽን ነው፤ ስንት ቬንቲሌተር መጣ፣ ስንት አልጋ ተዘረጋ ይባላል። ይገባል፤ ማሽኑ ባይኖር ሰውየው እዚህ አይደርስም ነበር። ማኖሜትሩ፣ ልኩን የጠበቀው የሳክሽን ቱቦ፣ የካርቶኑ ገበታና አምስቱ ጣት ግን በሪፖርት አይቆጠሩም፤ የሌሊት ነርሷ ያስተኛችው እንቅልፍም እንዲሁ። ከማሽን የሚያላቅቁት እነርሱ ናቸው። ክፍሉን የሚጎበኝ ኃላፊ ማሽኖቹን ከመቁጠሩ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃዋል፦ እዚህ የተኛ ባለ ትራኪ ትንፋሽ ሲያጥረው በምን ይናገራል? አልጋው አጠገብ ያለችው ነርስ ሳታመነታ ካሳየችው ሙያው እዚያ ቤት አለ። ዝም ከተባለ ግን ከሚቀጥለው ማሽን በፊት የሚገዛው ማኖሜትር፣ የሚሠለጥነው ደግሞ ሰው ነው።